የበሩ ዳር ወንበር

ከመንገዱ በኩል አንድ ከባድ ነገር «ጓ!» ብሎ ሲወድቅ ስርጉድ እስክሪብቶዋን እንኳ አላስቀመጠችም። የሂሳብ መምህሩ ከሰሌዳው ዞር ሲሉ አንድ እግሯ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው በረንዳ ላይ ነበር።

«ተመለሺ፣ ዘበኛ» አሉ ጠመኔውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ። «የጭነት መኪና ነው። የኋላ በሩን ለቀውት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የለመዱት ሳቅ ነው። ስርጉድ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ልቧ ግን ገና ውጭ ነበር፣ ለመመለስም አልቸኮለም።

«ዛሬስ ሪከርድ ሰበርሽ» አለቻት በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ቀጭን ልጅ አንገቷን አስግጋ። «መምህሩ ‹ኤክስ› ብለው ሳይጨርሱ ወጥተሻል እኮ።» ይህች ልጅ ሬዲዮ ትባላለች። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ተማሪውም፣ መምህራኑም፣ አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶችም ያውቃሉ።

«ዘበኛ» የሚለው ደግሞ ለስርጉድ የወጣላት በዴስኳ ምክንያት ነው። ውጊያው ቆሞ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት፣ ተማሪው ሁሉ የመስኮቱን ወገን ሲሻማ እሷ ማንም የማይፈልገውን ቦታ መረጠች። የበሩ ዳር ወንበር ነፋስ ይገባበታል፣ አቧራ ይጠጣል፣ የሚገባው የሚወጣው ሁሉ በቦርሳው ይጎሽመዋል። አንድ ጥቅም ግን አለው፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ እናቷ ሱቅ ለመሮጥ የሚቀድመው የለም።

እቤት ስሟ ሌላ ነው። እናቷ በአፍ አትጠራትም፤ አመልካች ጣቷን ጉንጯ ላይ፣ ልጅቷ ስትስቅ የሚሰረጉደው ቦታ ላይ አድርጋ ትንሽ ታዞራለች። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የኔ ላሉት ሰው የእጅ ስም ያወጣሉ፤ የሷ ይኸው ነው። ወደ አፍ መልሳ «ስርጉድ» ያለቻት ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ሳትናገረው የምታልፈው ነገር የለምና። እኛም በዚሁ እንጥራት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከወፍጮ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ወፍጮው ሲሠራ ወለሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይንቀጠቀጣል። የስፌት መኪናዋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው፣ የሱቁ ሶኬት እዚያ ስለሆነ። ከፊት ለፊቷ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። ደንበኛው መስታወቱ ለልብስ መለኪያ ብቻ ይመስለዋል፤ እናቷ ግን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እየሰፋች የገባውን፣ የወጣውን፣ በመንገድ ያለፈውን ሁሉ የምታየው በሱ ነው። ከመስታወቱ የሚያመልጥ አልነበረም።

አንድ ቀን ግን አመለጠ። ያን ቀን መስታወቱ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር። ከባድ መሣሪያው ሰፈሩ ላይ መውደቅ ሲጀምር የትምህርት ቤቱ የቸርኬ ደወል ተደወለ፣ ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች እንኳ አንድ ሰው ገብቶ ስለጎተታቸው ሞተሩን ሳያጠፉ ሮጡ። የልብስ ሰፊዋን በር የነካ ግን አልነበረም። «ብናንኳኳ ምን ዋጋ አለው» ብለው ይሆናል። እሷም ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እንደ ወትሮው ወፍጮው ነው ብላ የሌላ ቀሚስ ዘርፍ መስፋቷን ቀጠለች።

ስርጉድ ያኔ የምትቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። በመምህሯ ክንድ ሥር ሾልካ፣ ጭር ባለው መንገድ ሮጣ፣ እናቷን ትከሻዋን ይዛ ከስፌት መኪናዋ ላይ ጎትታ አስነሳቻት። ሲመለሱ የሱቁ መስኮት መስታወት ወለሉ ላይ ረግፎ አገኙት። ሁለቱም ተርፈዋል። ግን ከመጨረሻው ረድፍ እስከ በሩ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደረዘመባት ስርጉድ አልረሳችም።

ተኩሱ ከቆመ ቢቆይም ማንም ከልቡ አላመነውም። ስለዚህ የሰፈሩ የደኅንነት ኮሚቴ ትልቅ ሳይረን አስመጥቶ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አስተከለ፤ ሲጮህ ሁሉም ወደ አሮጌው የእህል መጋዘን ምድር ቤት እንዲገባ ታቀደ። ነዋሪውም ለስብሰባ ተጠራ። የስርጉድ እናት ይህንን የሰማችው፣ «የሰማችው» እንበል እንጂ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው።

«እሄዳለሁ» አለቻት በእጇ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። «ፀጉር አስተካካዩም ይመጣል። አንቺ ታስተረጉሚልናለሽ።»

ፀጉር አስተካካዩም መስማት የተሳነው ነው። ከተፈናቀለበት ከተማ መቀሶቹንና መስታወቶቹን ብቻ ይዞ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፍቷል። አይሰማንም ብለው እፊቱ የማያሙት ሰው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም በእሱ ሱቅ የታማ ሰው መታማቱን ሳያውቅ አያድርም፤ ሰውየው ፀጉር እየቆረጠ በመስታወቱ ከንፈር ያነባልና።

ስርጉድ እሺ አለች፣ ግን ፈራች። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ስታስተረጉም ታለዝባለች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው የጀመረችው። አንዲት ደንበኛ «ይቺ ድዳ ጨርቄን አበላሸችብኝ» ብትል፣ ስርጉድ በእጇ «ትንሽ ጠበበኝ ትላለች» ትላለች። እናቷ «ጨርቁማ ደህና ነው፣ ሰውነትሽ ነው የጨመረው» ብትል፣ ስርጉድ በአፏ «አስተካክልልሻለሁ ትላለች» ትላለች። በእሷ በኩል ያለፈ ስድብ ሁሉ ምርቃት ሆኖ ነው የሚወጣው። ውሸት ነው ብላ አስባ አታውቅም። ትራስ እንደማድረግ ነበር የምትቆጥረው።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ በውጊያው ጊዜ ስንቱን ሕፃንና ሽማግሌ በአውቶቡሳቸው አውጥተዋል። ስብሰባንም ግን እንደ አውቶቡስ ነው የሚነዱት፣ ከፌርማታ ውጭ አያቆሙም። አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ሁሉ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «እህህ» ይላሉ።

ስለ ሳይረኑ ተናግረው ሲጨርሱ እናቷ እጇን አነሳች።

«ሳይረኑ ለጆሮ ነው» አለች በእጇ። «እኛ ያለን ዓይን ነው። ለዓይን ምን አዘጋጃችሁ?»

ስርጉድ ተነሳች። «እናቴ ለሳይረኑ በጣም አመሰግናለሁ ትላለች። ምናልባት… ለማይሰሙትም ትንሽ ነገር ቢታሰብ ጥሩ ነው ትላለች።»

«እህህ፣ ጥሩ ነው ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ግን ለሁለት ለሦስት ድዳ ተብሎ ሌላ ዕቅድ አይወጣም። ደግሞስ አንቺ አለሽላት አይደል? ያን ቀን ሮጠሽ ያወጣሻት አንቺ ነሽ፣ አገር ያወቀው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ! ሳይረኑ ሲጮህ ትሮጫለሽ፣ ታወጪያታለሽ፣ አለቀ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ።»

ሰው አጨበጨበላት። ከኋላ አንዲት ሴት «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። ስርጉድ ፊቷ ጋለ። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ግን የማታውቀው ከባድ ዕቃ ጀርባዋ ላይ የጫኑባት ያህል ተሰማት። ወደ እናቷ ዞረች።

«ያመሰግኑሻል። እናስብበታለን ብለዋል።»

እናቷ ሊቀመንበሩን አየች፤ እሷን አየች። «ፊታቸው ሌላ ይላል፣ እጅሽ ሌላ ይላል» አለቻት። «እናስብበታለን ሲባል ነው ሰው የሚያጨበጭበው?»

ፀጉር አስተካካዩ ከጎን ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ከከንፈር እንዳነበበው ስርጉድ ከዓይኑ አወቀች። ሊያጋልጣት ይችል ነበር፤ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ጠበቃት።

«እኔ ጨርቅ የምቆርጠው በተሰጠኝ ልክ ነው» አለች እናቷ። «ልኩን ከዋሸሽኝ ምን እቆርጣለሁ? ሰውየው ያሉትን ስጪኝ። እንዳለ።»

ስርጉድ ወደ እናቷ ዞረች። እጆቿን አነሳች፣ መልሳ አወረደቻቸው። ከዚያ ነገረቻት። አንዷንም ቃል አላስቀረችም፤ ያችን ክፉ ቃልም፣ «አንቺ አለሽላት» የሚለውንም፣ ጭብጨባው ለምን እንደነበር ጭምር። 

እናቷ አልተቆጣችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ቆመች። «አሁን በእኔ ቃል» አለቻት። «አታጣፍጪ።»

«ጋሼ» አለች ስርጉድ፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ጀመረች። «ጋሼ፣ አጀንዳው አላለቀም። እናቴ የምትለው… ‹ልጄ ደወል አይደለችም።›»

 የእናቷ እጆች ሳይቸኩሉ ሄዱ፣ ስርጉድም ተከተለቻቸው።

«‹አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ወደ መጋዘኑ ሲሮጥ እሷ ብቻዋን ወደ ወዲያኛው እንድትሮጥ ነው ዕቅዳችሁ? የእናንተን ልጅ በዚህ ዕቅድ ውስጥ ታስገቡ ነበር? ድዳ ያሉንንም ሰምቻለሁ። የለበሱትን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኮቱ ያምራል፣ ቃሉ ግን አያምርም።›»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሊቀመንበሩ ሳያስቡት ኮታቸውን ወደ ታች አዩ። ስርጉድ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጀርባዋ ቀጥ ሲል ተሰማት። ያ ሁሉ ቃል በአፏ ወጥቷል፣ ጣሪያውም አልተደረመሰም። እናቷ እንዲህ እንደምትናገር አዳራሹ ያወቀው ገና ዛሬ ነው። ያላወቁት በማን ምክንያት እንደሆነም ስርጉድ ገባት።

ቀድሞ የተናገረው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው። «እውነት ለመናገር እኛም'ኮ አንሰማም» አለ ጭንቅላቱን እያከከ። «ሞተሩ ከተነሳ እንኳን ሳይረን፣ ሰማይ ቢወድቅ አንሰማ። ያን ቀን ሰው ገብቶ ባይጎትተን ኖሮ…» አልጨረሰውም።

«ለዓይን የሚሆን ነገር ስትል ምን ማለቷ ነው?» ብለው ጠየቁ ሊቀመንበሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እናቷ ቀድማ አስባበታለች። የውኃው ማማ ከሞላ ጎደል ከየቦታው ይታያል፤ ሳይረኑ ሲጮህ እዚያ ላይ ትልቅ ቀይ ጨርቅ ይዘርጋ። ማማው ለማይታያቸው፣ ያየው ሰው በራሱ መስኮት ሌላ ቀይ ጨርቅ ያንጠልጥል። ተማሪዎች ሁሉ «አደጋ»፣ «ውጡ»፣ «ተከተሉኝ» የሚሉትን ምልክቶች ይማሩ።

«ያን የሚያህል ጨርቅ ማን ይሰፋል?» አሉ ሊቀመንበሩ። ጥያቄው ሲተረጎምላት እናቷ ሜትሯን አንስታ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«እህህ፣ እንግዲያው እንሞክረው። ሰዓቱ ሳይነገር ልምምድ እናደርጋለን። ካልሠራ ግን ልጅቷ ትሮጣለች።»

«በልምምዱ ቀን» አለች እናቷ፣ ስርጉድን ሳይሆን ሊቀመንበሩን እያየች፣ «ልጄ ወደ እኔ አትመጣም። ከክፍሏ ጋር ትሄዳለች።»

ስርጉድ በዚያ ቀን ካስተረጎመችው ሁሉ ይህ ከበዳት። እጆቿ ሊከራከሩ ፈለጉ። ግን አታጣፍጪ ተብላለችና እንዳለ ተናገረችው።

እቤት ሲገቡ ግን አላስቻላትም። «ጨርቁን ባታይውስ?» አለች እጆቿን እያጋጨች። «እንደዚያን ቀን ቀሚስ ቢጋርድሽስ? እኔ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ አንቺ እዚህ ስትሰፊ?»

እናቷ እጆቿን ያዘቻቸው። ለሚያወራ ሰው አፉን እንደመያዝ ነው፣ ነውር ነው፤ እናቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ትንሽ ይዛ ቆየችና ለቀቀቻቸው።

«ያን ቀን የፈራሁት መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለቻት። «ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አልነበረም። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ከሱቁ ስታወጪኝ ነው። ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ፣ መንገዱ ላይ አንድ ሰው የለም። በዚያ ባዶ መንገድ ነው የመጣሽው፣ ብቻሽን፣ በእኔ ምክንያት። እኔ በሕልሜ የማየው ቦምብ አይደለም። አንቺ በዚያ መንገድ ስትሮጪ ነው የማየው።»

ስርጉድ አጠገቧ ቁጭ አለች። ያን ሩጫ ሁልጊዜ ከራሷ ወገን ሆና ነበር የምታስበው፤ ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል አስባው አታውቅም።

«ካመንሽኝ» አለች እናቷ፣ «ከክፍልሽ ጋር ሂጂ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ረጅም ገመድ ከሶኬቱ ስቦላት የስፌት መኪናዋ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ማማው አዞረ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ማማው አይታየውም፤ ስለዚህ አንዱን መስታወቱን የእናቷ መስኮት በሚታይበት አቅጣጫ አጋድሞ ሰቀለው። ቀዩ ጨርቅ ከመሰፋቱ በፊት ሱቁን ሞላው፤ ደንበኛ ሁሉ እየተራመደበት «ምን ዓይነት ሙሽራ ናት ይሄን የምትለብሰው?» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቷና ፀጉር አስተካካዩ ወደ ስርጉድ ክፍል መጡ። እናቷ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ክፍሉ እንደ መምህር ተነሳላት። ስርጉድ ለማስተርጎም ልትወጣ ስትል እናቷ በእጇ «ቁጭ በይ» አለቻት። አላስፈለገችም። «አደጋ» የሚለውን ምልክት ለማስተማር ፊትና ሁለት እጅ ይበቃል፤ እናቷ ደግሞ ፊቷን አሠራችበት። የኋላ ረድፍ ጉረኞች ሳይቀሩ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ሬዲዮ እንደ ልማዷ ተሽቀዳድማ ወጥታ «ውጡ» ልትል ስትሞክር «ብሉ» አለች፤ ፀጉር አስተካካዩም ወዲያው ከኪሱ ሳንድዊች ያወጣ መስሎ መጉረስ ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲወጡ ሬዲዮ የስርጉድን እናት ተከትላ የእጅ ስም እንዲወጣላት ለመነች። እናቷ ብዙም አላሰበችም፤ አራት ጣቶቿን ከአውራ ጣቷ ጋር እያጋጠመችና እየለቀቀች እንደማይዘጋ አፍ አሳየቻት።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«አንቺ ማለት ነው» አለች ስርጉድ። ሬዲዮ ስሙን ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ስታሳይ ዋለች። ስርጉድ ግን ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ከአንድ ሐሳብ አልወጣችም። ሰው ሁሉ እናቷን ሲያይ ምን እንዳየ ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም ነበር። ኮራች። ጉንጯ እስኪሰረጉድ ኮራች።

ሳይረኑ የጮኸው በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

ስርጉድ ተነስታ ቆማለች። መቼ እንደተነሳች አታውቅም። «በመስመር!» አሉ መምህሩ። የበሩ ዳር ወንበር የሷ ነውና የመስመሩ መሪ እሷ ሆነች። ከኋላዋ ሬዲዮ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። እየተራመዱ ግቢውን አቋረጡ። የውጭው በር ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተቀኝ ወደ መጋዘኑ፣ በስተግራ ወደ ወፍጮ ቤቱና ወደ እናቷ ሱቅ። ስርጉድ እዚያ ስትደርስ ቀና ብላ ማማውን አየች።

ጨርቁ አልተዘረጋም። ነፋሱ ምሰሶው ላይ ጠምጥሞት ነበር። ጨርቁን እንዲዘረጋ የተመደበው የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ላይ ሆኖ ይጎትታል፣ ይታገላል፤ ከታች ለሚያይ ሰው ግን ከአንዲት ቀጭን ቀይ መስመር በቀር የሚታይ የለም።

ቆሌዋ ተገፈፈ። ቀሚሱ ትዝ አላት፣ መስታወቱ፣ የረገፈው መስኮት። በግራ በኩል ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ብትሮጥ ማንም አይደርስባትም። ልምምድ መሆኑን ታውቃለች። ዛሬ ምንም አይወድቅም። ግን ዛሬ እናቷ ካልመጣች ሊቀመንበሩ «አላልኩም?» ይላሉ፣ ዕቅዱ ይታጠፋል፣ ደወሉ እሷ ትሆናለች። ብትሮጥስ? ብትሮጥም ያው ነው። ያን ጊዜ እናቷን «አትችልም» ያለቻት ሊቀመንበሩ ሳይሆኑ የራሷ ልጅ ትሆናለች።

መስመሩ ከኋላዋ ቆመ። ሬዲዮ ከተወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ነበር።

ካመንሽኝ፣ ብላታለች እናቷ።

ስርጉድ ወደ ቀኝ ታጠፈች። እንዲህ ያለ ከባድ መንገድ ሄዳ አታውቅም። አልሮጠችም፣ ወደ ኋላም አልዞረችም፤ የመጋዘኑን በር ብቻ እያየች ክፍሏን አስከትላ ሄደች።

የምድር ቤቱ ደረጃ ጨለም ያለ ነው። ወርዳ ዓይኗ እስኪለምድ ትንሽ ቆመች። መጀመሪያ የታዩዋት የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ዱቄት ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩን አየች። ከጎኑ ደንበኛው አለ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ። ከእነሱ መሐል፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ ስፒሎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ፣ እናቷ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች።

ስርጉድን ስታይ ጣቷን ጉንጯ ላይ አዞረች። ከዚያ «ዘገየሽ» አለቻት።

ስርጉድ ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። «ጨርቁ'ኮ ተጠምጥሞ ነበር!» አለች፣ እጇ እየተደነቃቀፈ። «አልታየም። እንዴት…?»

«አትክልተኛው መሰላሉ ላይ ሲወጣ አየሁት። በዚህ ሰዓት ማማ ላይ ምን ይሠራል? መቀሴን አስቀመጥኩ። የእኔን ጨርቅ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፣ ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ አየኝ። እነዚህን ደግሞ» አለች ዱቄት የለበሱትን በአገጯ እያመለከተች፣ «በሽርጣቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ዛሬም ሞተሩን አላጠፉም።»

ሊቀመንበሩ ከሰው ሁሉ ኋላ እያለከለኩ ወረዱ። የተቀመጠውን ሰው አዩ፣ ባለ ግማሽ ፀጉሩን አዩ፣ ልብስ ሰፊዋን አዩ። እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ሄደ። «እህህ፣ ልጄ፣ ለእናትሽ ንገሪልኝ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከስርጉድ ዞረው ወደ እናቷ ቀረቡ፣ ፊት ለፊቷም ቆሙ። «ሠርቷል» አሉ ቃሉን እየረገጡ። «ጨርቁ ብቻ ተጠመጠመ። ያኔ የተናገርኩት ነገር ደግሞ… እሱ ቃል ከአፌ ባይወጣ ጥሩ ነበር። ይቅርታ።»

ስርጉድ አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ አስተረጎመችው። ለማለዘብ እንኳ አላሰበችም።

«ጠርዙ ላይ ብረት እሰፋበታለሁ፣ አይጠመጠምም» አለች እናቷ። ከዚያ ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮዋ ላይ መታ መታ አድርጋ ወደ ሰውየው አመለከተች። ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ፈነዳ።

«ምን አለች?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የእጅ ስም አወጣችልዎ» አለች ስርጉድ። «ከመናገርዎ በፊት ሁልጊዜ እጅዎ እዚያ ይሄዳል ትላለች።»

ሰውየው እጃቸውን ሊመልሱ ሲሉ ዘገዩ፤ ጉሮሯቸው ጋ ደርሶ ነበር። ዱቄት የለበሱት ሁሉ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ስርጉድ ወደ ክፍል ስትገባ አብዛኛው ተማሪ ቦታውን ይዟል። በሩ ዳር ቆማ ዴስኩን አየችው። ቦርሳዋ የፋቀው ጠርዝ፣ ሰው ሁሉ እየጎሸመው የላላው እግር፣ ሁሉም እንደነበረ አለ። ቦርሳዋን ሳታወርድ አለፈችው።

«እዚህ ሰው አለ?» አለች መስኮቱ ሥር ስትደርስ።

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ያለ አንድ ቃል ደብተሮቿን ሰብስባ ተጠጋችላት። ስርጉድ ተቀመጠች። ከዚህ ሆኖ በሩ ሩቅ ነው። በመስኮቱ ግን ከጣሪያዎቹ በላይ ማማው ይታያል፤ ከማማው ወዲህ ደግሞ የእናቷ ሱቅ ቆርቆሮ ጫፍ።

መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍተው መጻፍ ጀመሩ። የእኩል ምልክት ላይ ሲደርሱ ከመንገዱ በኩል የጭነት መኪና የኋላ በሩን «ጓ!» አድርጎ ለቀቀ። ክፍሉ በሙሉ ወደ በሩ ዳር ወንበር ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ስርጉድ ልቧ አንዴ ዘለለ። አንዴ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ወደ ደብተሯ ጎንበስ ብላ ከእኩል ምልክቱ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ጻፈች።